ላስ ቬጋስ ሄደው የሚያብዱትን ሁለት ሰዎች አይቼ አልሳቅኩም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ

የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለቤቱ። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው አንዱ እዚሁ "በሳቅ ትፈርሳላችሁ" ብሎ የመከረንን «ፊር ኤንድ ሎዚንግ ኢን ላስ ቬጋስ» አየሁት። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ቴሪ ጊሊያም፣ ዋናዎቹ ጆኒ ዴፕና ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ። ላላያችሁት፦ ዘመኑ 1971 ነው። አንድ ጋዜጠኛና "ጠበቃዬ" የሚለው ሰውዬ (እኔ እንኳን ፍርድ ቤት እድር ላይም አልወክለው) ጣሪያ የሌላት ቀይ መኪና ተከራይተው፣ ሻንጣ ሙሉ ዕፅ ጭነው ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ ይነዳሉ። ጋዜጠኛው የተላከው ሚንት 400 የሚባል የበረሃ ውድድር እንዲዘግብ ነው። ሞተሮቹ ተነሱ፣ አቧራው ተነሳ፣ ከዚያ በኋላ ማን ቀደመ ማን ቀረ የሚያይ የለም። ሥራው እዚያ ላይ አለቀ። የቀረው ሆቴል ማፍረስ ነው።

አሁን ያየንበትን ሁኔታ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። አራት ነበርን። የኅዳር ውርጭ፣ ላፕቶፑ በርጩማ ላይ፣ እኛ ፍራሽ ላይ፣ ጉልበታችን ላይ የእናቴ ባና። ሁለቱ ቃሚ ናቸው። እኔ "ለጨዋታው ያህል" የምል ነኝ። አራተኛው አይቅምም፤ የሱ ሥራ ለውዙን መጨረስ ነው።

ሆቴሉ ጋ ደረሱ። የእንግዳ መቀበያዋ ሴትዮ ፊቷ እያየነው ተለውጦ ዓሣ የመሰለ ነገር ሆነ። የምንጣፉ አበባ ተነቅሎ የሰው እግር ላይ መውጣት ጀመረ። ቡና ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ሰው የሚያክሉ እንሽላሊቶች ሆኑ፣ መለኪያ ይዘው ይጠጣሉ። ከጓደኞቼ አንዱ እንጨቱን እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። "ይሄ'ኮ ዱካክ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዱካክ የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ቃሚ ሳይቅም በተኛ ሌሊት ደረቱ ላይ የሚቀመጥበት ነገር ነው።

የማይቅመው ግን ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው ዞር ብዬ ሳይ ስክሪኑን አይደለም የሚያየው፣ እኛን ነው።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። የስካር ጨዋታ አንድ ያልሰከረ ሰው ካልኖረበት አያስቅም። አረቄ ቤት የሆነውን በማግስቱ ሰፈር የሚያስቀው ያልጠጣው ሰውዬ ነው፤ የጠጣው እንኳን ሊያወራ ጫማው የት እንደቀረ አያውቅም። ፊልሙ ያንን ሰው አስወጥቶ በሩን ዘጋብን። ካሜራው ራሱ መርቅኗል፤ ይዘማል፣ ያፈጣል፣ ጠርዙ ይጣመማል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንን ተደግፈን እንሳቅ?

አንዴ ብቻ ሳቅኩ፣ እሱንም ከልቤ። ሁለቱ ጉዶች ተመልሰው የዐቃቤ ሕጎችና የፖሊሶች የፀረ ዕፅ ጉባኤ ላይ ይቀመጣሉ። አዳራሹ ግጥም ብሏል። መድረክ ላይ ያለው ምሁር ነኝ ባይ ዕፅ ተጠቃሚ እንዴት እንደሚታወቅ ያስረዳል፣ አንዱም እውነት አይደለም። ትምህርት ቤት እያለን አንድ እንግዳ መጥቶ "የሚቅም ሰው ምራቁ ብቻ ሳይሆን ላቡም አረንጓዴ ነው" ያለን ትዝ አለኝ። ኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ሦስት ልጆች በየተራ ብብታቸውን አዩ።

ከአስር አምስት ተኩል። አራቱ የጉባኤው ነው።

በረሃው ሮቢት፦

መርቅነህ አይተኸው ምን ትጠብቃለህ ወንድሜ። ጨብሲ ላይ እየው።

የጣርማ በር ጭጋግ፦

"በሳቅ ትፈርሳላችሁ" ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልጸጸትም።

የጠባሴው፣ ኤተር የሳቡበትን ቦታ እንዴት ዘለልከው? ሰርከስ ያለበት ቁማር ቤት ሊገቡ ሲሉ እግራቸው ከዳቸው። ጭንቅላቱ ጥርት ብሎ እያሰበ ሰውነቱ ትዕዛዝ አልቀበልም ይላል። በሩ ላይ ያለችውን የምትሽከረከር ብረት ለማለፍ ያደረጉትን ትግል አይተህ ካልሳቅክ ሐኪም ታይ። ያ'ኮ የኛው የደብረ ብርሃን አረቄ ነው። አጎቴ ሦስተኛዋን መለኪያ ካለፈ በኋላ አፉ የክስ አቤቱታ ሳይደናቀፍ ይደረድራል፣ ጉልበቱ ግን ደጃፉን አያልፍም። "ተነሳ" ይለዋል እግሩን፣ በስሙ ጠርቶ። እግሩ ስም አለው። አንደኛው ግራዝማች ነው።

ደግሞ ልፋታቸውንም ቁጠርላቸው። ታሪኩ የጋዜጠኛው የሀንተር ቶምፕሰን ነው፤ ዴፕ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ኮሎራዶ ሰውዬው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ወራት ኖሮ፣ ልብሱን ለብሶ፣ አረማመዱን ቀድቶ ነው የመጣው። ራሰ በራ ያደረገውም ቶምፕሰን ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ ላጭቶ። ዴል ቶሮ ለዚያ ቦርጭ 18 ኪሎ ግድም ጨምሯል። አሜሪካኖቹ ያኔ አልገባቸውም፤ 18.5 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበት አገራቸው ውስጥ 11 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም። ሮጀር ኢበርት የሚባለው ትልቁ ሐያሲ አንድ ኮከብ ሰጠው። ዛሬ ግን ቁጥር ስፍር የሌለው ሰው በቃሉ ይወጣዋል።

በረሃው ሮቢት፦

18 ኪሎ! መንዝ ላይ አንድ በግ ነው'ኮ።

የፍላሹ ልጅ፦

እኔ ፊልም ጭኜ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልበል። ደንበኛ ይመጣና "ትርጉም አለው?" ይላል። በአማርኛ የተተረከውን ማለቱ ነው። ይሄኛውን ማንም አልተረከውም፣ እኔ እንዳየሁት። አስቡት እስኪ፣ ያ ተራኪያችን ማይኩ ላይ ቁጭ ብሎ "እንግዲህ ተመልካቾቻችን፣ ሰውዬው አሁን የሌሊት ወፍ እያባረረ ነው... ወፏ የለችም..." ሲል። ትንሽ ቆይቶ "የለችም ግን አለች" ይላል። ከዚያ ዝም። ከዚያ የሻይ ማማሰያ ድምፅ። አንድ ደንበኛ ግን ወስዶት በማግስቱ መለሰው፣ "ፋይሉ ቫይረስ አለው፣ ምስሉ ይቀልጣል" ብሎ። ሌላ ጫንኩለት።

ፋርማሲስቷ (መሐል ሜዳ)፦

ሙያዬ ስለሆነ ነው የምገባው፣ እንዳትስቁብኝ።

አንደኛ፣ የጠባሴው "ካሜራው መርቅኗል" ያልከውን ትንሽ ላርመው። ካሜራውን የያዘው ኒኮላ ፔኮሪኒ ነው፤ ሰዎቹ እያንዳንዱ ዕፅ የራሱ አተያይ እንዲኖረው አስበውበት ነው የሠሩት። ኤተር ላይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቅርቡና ሩቁ ይምታታል። ሜስካሊን ላይ ቀለሞቹ አንዱ ወደ ሌላው ይፈሳሉ። ኤልኤስዲ ላይ ሁሉም ይሰፋል፣ ቅርጽ ይለዋወጣል። አድሬኖክሮም የሚሉት ላይ ደግሞ ክፍሉ እየጠበበ ይመጣል። ደግመህ ስታየው ምን እንደወሰዱ ሳይነግሩህ ታውቃለህ። ለኔ ከቀልዱ ይልቅ ይሄ ነው ያስደሰተኝ። አድሬኖክሮም ግን ፊልሙ እንደሚያሳየው አያደርግም፤ አድሬናሊን አየር ሲያገኘው የሚሆነው ነገር ነው፣ ያንን ሁሉ ጉድ የጨመረበት የደራሲው ብዕር ነው። ኤተር በበኩሉ ከ1846 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ለቀዶ ጥገና ሲያስተኙበት የኖሩበት መድኃኒት ነው፣ እነዚህ ጨርቅ ላይ አፍስሰው ያሸቱታል።

ሁለተኛ፣ ጫት ያነሳችሁት ለጨዋታ ከሆነ ይሁን። ጫት ግን አነቃቂ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ እየተሰባበረ ይሄዳል፣ በኮባ ጠቅልለው የሚያሯሩጡት ለዚያ ነው። ተቀምጦ የቃመ ሰው እንሽላሊት አያይም፤ ብዙ ያወራል፣ ቤት ይሠራል፣ ቤቱን ያፈርሳል፣ አምቦ ውሃ ይጠጣል። የፊልሙን ዓይነት ነገር እዚህ አገር ከፈለጋችሁ ያለው ከአጥሩ ሥር ነው፦ አስተናግር። አትሮፒንና ስኮፖላሚን ነው ያለበት፤ ሰው ከሌለ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ያወጋል። ያወጡለትን ስም ልብ በሉ፣ ያነጋግራል። ፍሬውን ልጆች ቀምሰው ይዘዋቸው ሲመጡ የምናየው ግን አያስቅም። አፋቸው ደርቆ፣ የዓይናቸው ብሌን ሰፍቶ፣ አየር ላይ የሆነ ነገር ይለቅማሉ። ዴፕ የሌሊት ወፎቹን ሲያባርር እጁን አይቼ የመጣብኝ እሱ ነው።

ሞጃና ወደራ፦

አብሾ የሚባለውም ከሱ ነው ይላሉ አይደል? ሲጠጣ የሚደባደበውን ሁሉ "አብሾ አለበት" የምንለው?

የአብነት ልጅ፦

እሱን ነገር ተዉት። ሁሉም ሰው አብሾ ሲባል የቆሎ ተማሪ ነው ትዝ የሚለው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ዜማ ስማር ያየሁት መድኃኒት ቢኖር ረሃብና ውሻ ነው። ፊልሙን አላየሁትም፣ አላይምም፣ ክሩን ግን እየተከታተልኩ ነው።

አወያይ፦

የአብነቱን ወሬ እዚህ ላይ እናቁም። ስለ ፊልሙ።

አሮጌው ተማሪ፦

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ፊልም የማይ ሰው አይደለሁም። ይህንን ያሳየችኝ ልጄ ናት፣ እንቅልፍ እንቢ ባለኝ ሌሊት። ስለ ዕፁ የምትሉትን እንጃ፤ ለኔ ሁሉም ያው ጩኸት ነው።

መካከል ላይ ግን አንዲት ጸጥ ያለች ቦታ አለች። ጋዜጠኛው ብቻውን የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ ሳን ፍራንሲስኮን ያስታውሳል። ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት የነበረውን፣ ወጣቱ ሁሉ ያሸነፈ መስሎት በማዕበል ጀርባ ላይ ተቀምጦ ይሄድ የነበረበትን ጊዜ። አሁን ግን ኮረብታ ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ማዕበሉ እስከየት ደርሶ፣ የት ላይ ተሰብሮ እንደተመለሰ ምልክቱን ሊያይ ይችላል፣ ይላል። "አቁሚው" አልኳት ልጄን። ውሃ መጠጣት የፈለግኩ መስሏት ተነሳች።

1971 በኛ 1963 ነው። ያኔ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን የፒስ ኮር አሜሪካዊ ነበር፤ ጸጉሩ ጆሮውን የሸፈነ፣ ብርዱ ሲጠናበት የመንዝ በርኖስ ገዝቶ የለበሰ። የከተማው ሰው "ባላምባራስ" ነበር የሚለው። ከቬትናም ዘመቻ ሸሽቶ ነው የመጣው ይሉ ነበር፤ ጠይቀነው አናውቅም። ስለ አገሩ ወጣቶች ሲነግረን ጠመኔው እጁ ላይ ይረሳ ነበር። እኛም በበኩላችን "መሬት ለአራሹ"ን ከአዲስ አበባ ተማሪዎች ሰምተን የደብተራችን ጀርባ ላይ የምንጽፍ ልጆች ነበርን። እሱ የኛን አይቶ ይስቅ ነበር፣ በደስታ። ከዚያ ሄደ። 1966 መጣ፣ 1969 መጣ። ከዚያ ክፍል ከጎኔ ይቀመጡ የነበሩት ሁለቱ የሉም። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም።

ስለዚህ ያ ጋዜጠኛ ለምን እንደዚያ አድርጎ ራሱን እንደሚመርዝ ለኔ አልጠፋኝም። የሆቴሉ ቴሌቪዥን ውስጥ ቬትናም እየነደደ ነው። ልጄ ደግሞ ፊልሙ የወጣው ግንቦት 1990 ነው ብላ ነገረችኝ። እኛ ያን ግንቦት ጆሯችን ሬዲዮ ላይ ነበር፤ ብዙዎቻችን ባድመ የሚባል ስም የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ቀልድ የምናይበት ወር አልነበረም።

ባለ ቅኔው፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እንግዲያው ፊልሙ ሰምና ወርቅ ነው ማለት ነው፦ ሰሙ ዕፅ፣ ወርቁ የከሸፈ ትውልድ...

የጣርማ በር ጭጋግ፦

ኧረ ባክህ፣ ሁሉን ነገር ሰምና ወርቅ አታድርግብን። ባለፈው የመኪና ውድድሩንም ፊልም እንዲሁ ብለኸው ነበር። ጋሼ ግን ያሉት ገብቶኛል፤ እኔ ያቺን ቦታ ሁሌ ወደፊት አሳልፋት ነበር፣ ወሬ ብቻ መስላኝ። ዛሬ አያታለሁ።

አስተናጋጅ ነበርኩ (ደብረ ሲና)፦

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

የደሴ መስመር ላይ አንድ ምግብ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ የሌሊት ፈረቃ። ጭነት መኪኖች ጣርማ በርን ወርደው በጭጋግ ደንዝዘው የሚቆሙበት ቤት። ፊልሙን ያየሁት እህቴ ጋ ነው፣ ቀልድ ነው ተብዬ።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ በሌሊት አንድ ምግብ ቤት ይገባሉ፣ አስታወሳችሁ? ቤቱ ባዶ ነው፣ አስተናጋጇ ብቻዋን ናት። ኤለን ባርኪን ትባላለች ተዋናይዋ፣ የምትታየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጠበቃ ነኝ ባዩ የወረቀት መሐረብ ላይ ነውር ጽፎ ሰጣት። ተቆጣች፣ ውጡልኝ አለች፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለች። ስለት አወጣና የስልኩን ገመድ ቆረጠው። ከዚያ ያለውን ፊቷን ደግማችሁ እዩት። አትጮህም። እጇ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋታል። ጋዜጠኛው እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ምንም አይልም። እንሽላሊት የለም፣ ምንጣፍ አይንቀሳቀስም፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እኔን አንዱ መልስ ስሰጠው እጄን ይዞ አልለቀኝም። በጉልበት አይደለም፣ እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ እየሳቀ። ስንት ሰኮንድ እንደቆየ አላውቅም። ጓደኛው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስልኩን ያይ ነበር። ጥፍሩ ሥር ያለውን ግራሶ እስካሁን ብትጠይቁኝ በየትኛው ጣት እንደነበር እነግራችኋለሁ። ጓደኛውን ነው ግን የማልረሳው።

የጠባሴው ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፣ የልጆቹ ብብትም አስቆኛል። ግን "ፊልሙ ውስጥ ያልሰከረ ሰው የለም" ያልከው ልክ አይደለም። እሷ አለች። ከሷ ቆመህ ብታየው ደግሞ አያስቅም።

ፋርማሲስቷ (መሐል ሜዳ)፦

እህቴ። ሁለት ጊዜ አይቼው ካሜራው ያን ጊዜ እንደቆመ ልብ አላልኩም። ሌንሱን ስቆጥር ነበርኩ።

በረሃው ሮቢት፦

እኔም ቀልዴን ሰብስቤያለሁ።

የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)፦

ትናንት ማታ ያቺን ቦታ ብቻ ከፍቼ አየኋት፣ ሳልቅም። መጀመሪያ ያየን ለት ትዝ እንደማትለኝ ሳስብ አፈርኩ። ሁለቱን ጠየቅኳቸው፣ "የቷ ሴትዮ?" አሉኝ። የማይቅመው ግን ያስታውሳል። "እዚያ ጋ ለውዝ መብላት አቁሜ ነበር፣ እናንተ አላያችሁኝም" አለኝ። ስለዚህ ስለሱም የጻፍኩት ግማሹ ስህተት ነው፤ እንደሳቀ ብቻ ነው ያየሁት።

ነጥቤን ልለውጥ ብዬ ነበር፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ጠፋኝ። ጋሼ ያሉት ማዕበል ስድስት ያደርገዋል። ጋዜጠኛው ዝም ብሎ መቀመጡ ወደ አራት ይመልሰዋል። ወይም ዳይሬክተሩ ያንን እንድናይ ካሜራውን ካቆመልን እንደገና ወደ ላይ ነው። እናንተ ስጡት።

ይሄን እያየሁ እናቴ ባናዋን ልትወስድ ገባች። ቆማ ትንሽ አየች። እንግሊዝኛ አትሰማም። "ልጅቷ ምኗ ነው?" አለችኝ። ምኑም አይደለችም፣ አስተናጋጅ ናት አልኳት። ሰውዬው ገንዘብ ወርውሮ ኬኩን ይዞ ሲወጣ አየችና "አሁን በዚህ ሌሊት ቤቷ በምን ትሄዳለች?" አለች።

አስተናጋጅ ነበርኩ (ደብረ ሲና)፦

እናትህን ሰላም በልልኝ። እኛ እዚያው ነበር የምናድረው፣ ከባንኮኒው ጀርባ።